ገብሱ ከአርሲ፣ ጩኸቱ ከቴሌቪዥን

የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲቋቋም አርሲ ውስጥ የጭላሎ ገብስ የሚሄድበት መንገድ አጭር ነበር፤ ከአውድማ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ምጣድ። ተቆልቶ ቆሎ፣ ተፈጭቶ በሶ፣ በቅቤ ታሽቶ ጭኮ፣ በቅሎም ፋርሶ የተባለው ጠላ ይሆናል። ጭኮ ብሉልኝ ብሎ የጮኸ ሰው አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ ይቀርባል፣ እንግዳውም ይበላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

በዚያ ዘመን ሳይፈልጉት ጆሮ ውስጥ የሚገባ ጥሪ ከሁለት አያልፍም። አንዱ የመንግሥት አዋጅ ነው፤ በገበያ ቀን ነጋሪት ተጎስሞ ይለፈፋል፣ ሰሚው ሰምቶ ወደ ግብይቱ ይመለሳል። ሌላው የነጋዴው ጩኸት ነው፤ እሱም ከጉሮሮ አቅም አያልፍም። የሰለቸው ሰው ወደ ጎን ብሎ ከእህል ተራ ወደ ከብት ተራ ይሻገራል። ይህን ወደ ጎን የማለት መብት አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ከዚህ በኋላ የምተርከው እሱ እንዴት እየጠበበ እንደመጣ ነው።

መጥበብ የጀመረው ሩቅ አገር ነው። ሰኔ 24 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ገና ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኒው ዮርክ ላይ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የቤዝቦል ጨዋታ ሊያስተላልፍ ሲል የቡሎቫን የእጅ ሰዓት በስክሪኑ ላይ አሳየ። ፈቃድ ባለው ጣቢያ ተከፍሎበት የተላለፈ የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ እሱ ነው። ሰዓት ሠሪው የከፈለው 9 ዶላር ነበር። ዘጠኝ ዶላር ምን ያህል ነገር እንደከፈተ ያን ቀን የገመተ አልነበረም።

ተመልካቹ ለመማረር ብዙ አልቆየም። በ1947 ዓ.ም. ዜኒት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፍላሽ ማቲክ የሚባል መሣሪያ ለገበያ አወጣ፤ ዩጂን ፖሊ የተባለ መሐንዲስ የሠራው፣ ሽጉጥ የመሰለ የእጅ ባትሪ ነው። ብርሃኑን ወደ ቴሌቪዥኑ ማዕዘኖች ሲያነጣጥሩት ጣቢያ ይቀይራል፣ ድምፅም ያጠፋል። የኩባንያው ኃላፊ ማስታወቂያ አጥብቆ የሚጠላ ሰው ስለነበር መሐንዲሶቹን የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ ከተቀመጡበት ሳይነሱ ማስታወቂያን ዝም የሚያሰኝ ነገር። ዛሬ በየቤቱ ሶፋ ሥር እየጠፋ የሚያጣላን ሪሞት የተወለደው ከዚህ ምሬት ነው። ለመሣሪያው ገዢ የተፈለገለት ደግሞ፣ እንደሚጠበቀው፣ በማስታወቂያ ነው።

ወደ እኛ ቴሌቪዥን የመጣው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ሥርጭቱ ማታ ማታ፣ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ፣ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ይታይ ነበር። ተወልደው ያደጉት በአርሲ ጎረቤት በባሌ የሆኑት ተስፋዬ ሳህሉ «አባባ ተስፋዬ» ተብለው ለልጆች ተረት መንገር የጀመሩት ያኔ ነው፤ እስከ 1998 ዓ.ም. ዘለቁበት። የአርሲዋ ከተማ አሰላ ግን ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ምስሉ ሳይደርሳት ቆየች። የደረሳት ሬዲዮ ነው።

የአሰላ ሰው በዘመናዊ መንገድ «ይህን ውሰድ፣ ይጠቅምሃል» መባልን የለመደው ከሻጭ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን፣ በተለመደው አጠራሩ ካዱን፣ አሰላ ላይ አቋቋሙ። ካዱ ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ ሲመጣ ገበሬው በወሬ አላመነም። ሰው እንዲያምን የሠርቶ ማሳያ ማሳ ተዘራ፣ ሞዴል አርሶ አደር ተመረጠ፣ ጎረቤት መጥቶ እንዲያይ ተጠራ። ማሳው ካላፈራ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ካፈራ ጎረቤቱ ራሱ ዘር ይጠይቃል። ለማሳመን ከተሠራው ሁሉ እኔ የማከብረው ይህን ነው፤ ሰውየው እስኪያጭድ ድረስ ይጠብቃልና። የካዱ ታሪክ መራራ ጎንም አለው፤ ባለመሬቶቹ የአዲሱን ዘርና የትራክተሩን ትርፍ ሲያዩ ብዙ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። ያ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ ካዱ በ1968 ዓ.ም. ስሙ አርዱ ተብሎ ወደ መላው አርሲ ሰፋ። የደርግ ዘመን ለንግድ ማስታወቂያ የማይመች ዘመን ነበር። ፋብሪካውም ጅምላ መጋዘኑም የመንግሥት፣ ዕቃውም በቀበሌ ሱቅ በወረፋ የሚገኝ ሲሆን ማን ማንን ያባብላል? ጩኸት ግን አልጠፋም። ሞንታርቦው የቀበሌ ሆነ፤ የሚጠራውም ወደ ስብሰባ፣ ወደ ሰልፍና ወደ ዘመቻ ነው። ያኔ ወደ ጎን ማለት መቅረት ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ለትረካችን ዋና የሆኑ ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። አንደኛው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ነው። ከጎተራ ወደ ምጣድ ይሄድ የነበረው ገብስ አሁን በከባድ መኪና ተጭኖ ፋብሪካ ይገባል፣ ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል፤ ከዚያም ወደ ቢራ ጠማቂዎች ይጓዛል። ፋብሪካው ለረጅም ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ ብቅል አምራች ነበር። ሁለተኛው በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር የመጣው የቀለም ቴሌቪዥን ነው። ገብሱና ምስሉ በአንድ ሰሞን ተነሡ፤ እስኪገናኙ ግን ሌላ ሠላሳ ዓመት ግድም ወሰደባቸው።

በመሃሉ አርሲ ራሷ የምትታይ አገር ሆነች። በነሐሴ 1984 ዓ.ም. የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር አሸንፋ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። አሰላ አቅራቢያ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ሲቀድም፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ በጎረቤት ተሞልቶ ነበር። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ከዚያው ከበቆጂ ተከተሉ። የጫማና የትጥቅ ኩባንያዎች ዓርማ የአርሲ ልጆች ደረት ላይ አረፈ። ማስታወቂያ ነው፤ ግን ማንም ሲማረርበት አልሰማሁም። ሩጫውን አያቋርጥማ! ልጅቷ ሪከርድ ልትሰብር መቶ ሜትር ሲቀራት «ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን» የሚላት የለም።

ባርሴሎናና ሲድኒ መካከል፣ በጥቅምት 1987 ዓ.ም.፣ አሜሪካ ውስጥ ሆትዋየርድ የተባለ የኢንተርኔት መጽሔት ኤቲ ኤንድ ቲ ለተባለው የስልክ ኩባንያ የመጀመሪያውን ባነር ማስታወቂያ ለጠፈ። ካዩት 100 ሰዎች 44ቱ ተጭነውታል ይባላል። ዛሬ ካንድ መቶ አንድ ሰው ቢጫን ሻጩ ደስ ይለዋል። ሰው አንዴ ሲሰለች የሚቀረው ዘዴ ቁጥሩን ማብዛት ነው፣ ያን ደግሞ አበዙት። አሰላ ኢንተርኔት ስላልነበራት ይህን ዜና በወቅቱ አልሰማችም፤ ዕዳው የደረሳት ቆይቶ ነው።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ለማስታወቂያ ልክ አበጀለት፤ አንድ ጣቢያ ከዕለታዊ ሥርጭቱ ከ20 በመቶ በላይ ለማስታወቂያ እንዳያውል፣ የልጆች ዝግጅትም በማስታወቂያ እንዳይቋረጥ። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነበር። ስሌቱን ግን እዩት። 24 ሰዓት ለሚያሰራጭ ጣቢያ 20 በመቶ ማለት 4 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ነው። ልኩ በዕለት ስለነበር፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለባዶ ሳሎን ሙዚቃ እያጫወቱ ማስታወቂያውን ሁሉ ሰው እራት በሚበላበት ሰዓት መከመር ይቻል ነበር። ሕጉ ሳይጣስ ምሽቱ ያልቅ ነበር። ደግሞ አቅራቢው ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ፕሮግራማችንን ስፖንሰር ያደረጉልን» ብሎ የሚያነበው ዝርዝር የየትኛው ወገን ነው፣ የማስታወቂያው ወይስ የዝግጅቱ? ሳሎን ውስጥ ሰዓት ይዞ መለየት የሚችል ሰው የለም።

ከዚያ ቢራው መጣ። በ2003 ዓ.ም. የኔዘርላንድሱ ሄኒከን የበደሌንና የሐረርን ፋብሪካዎች በጠቅላላው በ163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2004 ዓ.ም. የእንግሊዙ ዲያጆ ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቀደም ብሎ የፈረንሳዩ ቢጂአይ ሆኗል። ዋልያ በ2006፣ ሐበሻ በ2007 ገበያ ገቡ፤ ዳሽን፣ ራያ፣ ዘቢዳርና አንበሳም ተሰለፉ። ይህን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰሰ ሰው ዝም ብሎ ጠጪ አይጠብቅም።

ለአርሲ ይህ በመጀመሪያ መልካም ዜና ነበር፣ መካድ አይገባም። ፋብሪካዎቹ ከሚፈልጉት ብቅል ብዙው ከአውሮፓ ይገባ ስለነበር፣ ኩባንያዎቹ የእርሻ ባለሙያ ይዘው ወደ አርሲና ባሌ ደጋ ወጡ። ሆልከር የተባለውን የቆየ የብቅል ገብስ ይዘራ ለነበረው ገበሬ ትራቬለርና ግሬስ የሚባሉ አዳዲስ ዝርያዎች ቀረቡለት፤ ውል ተፈራረመ፣ ምርቱን የሚረከበው ታወቀ። የጭላሎ ገብስ ገዢ ሲሻማበት ማየት ደስ ይላል።

ማታ ደግሞ ያው ገብስ በዲሽ ተመልሶ ወደ ገበሬው ሳሎን ይገባል። በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲበቃ አገሩ ሁሉ ስክሪን ፊት ነበር፣ ይህን ዕድል ያላየ ጠማቂ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የተከተሉት ዓመታት የቢራ ማስታወቂያ የነገሠባቸው ነበሩ። የቢራው ስም ከተራራ ይወሰዳል፣ ከእንስሳ ይወሰዳል፣ ከክፍለ አገር ይወሰዳል። ፈረሰኛ ይጋልባል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ልጃገረድ እስክስታ ትወርዳለች፣ ፀሐይ ከጋራው ጀርባ ትወጣለች፤ መጨረሻ ላይ ጠርሙስ። ቋንቋው ወኔ፣ አንድነት፣ ኩራት ነው። አንድ ቀን ሙሉ ቢራ ሳይቀምሱ ውሎ ሃያ ጊዜ ስለ ጀግንነቱ መስማት ይቻል ነበር። በካሜራ ሥራቸው ብዙዎቹ የሚደነቁ ነበሩ፤ የሀገራችን የፊልም ባለሙያ እጁን ያፍታታው በእነሱ ገንዘብ ነው ቢባል ግነት አይሆንም። ምሬቱ ከጥራታቸው አልመጣም። አንዱን ማስታወቂያ በአንድ ድራማ ውስጥ አራቴ ማየት፣ በዓሉን ሁሉ የቢራ በዓል ማድረግ፣ ድምፁ ከድራማው ድምፅ ከፍ ብሎ የተኛን ሕፃን መቀስቀሱ ነው ሰውን ያስመረረው።

አርሲ ላይ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተዋዶ በአንድ ሰፈር በሚኖርበት በዚህ አገር፣ በረመዳን አፍጥሮ ዜና ሊያይ የተቀመጠ ቤተሰብ ከዜናው በፊት አረፋው ገንፍሎ የሚወርድ ብርጭቆ ይጠብቀዋል። በዐቢይ ጾም ከቅዳሴ የተመለሱ እናትም እንዲሁ። የስድስት ዓመት ልጅ የቢራውን ዜማ ከሆሄያት በፊት አጥንቶ ሲዘምር አባት ምን ይበል? ሪሞቱን ያነሣል፣ ጣቢያ ይቀይራል፤ እዚያም ሌላ ቢራ። ያ የዜኒት ሽጉጥ ጥይቱ ያለቀው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ጣቢያ ያንኑ ሲያሳይ ወደ ጎን የሚባልበት ቦታ የለም።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ጠንካራ መጠጦችን ከአየር ላይ ቢከለክልም ገደቡ ከ12 በመቶ አልኮል በላይ ስለነበር ቢራ በሰፊው በር ያልፍ ነበር። ወላጆች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የጤና ባለሙያዎች ዓመታት አቤት አሉ። በመጨረሻ ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112ን አጸደቀ። አዋጁ ትንባሆን በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች አገደ፣ አልኮል ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ከለከለ፣ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። የማስተካከያው ጊዜ ሲያበቃ፣ በግንቦት 2011፣ ፈረሰኞቹም ሽማግሌዎቹም ባንድ ሰሞን ከስክሪኑ ጠፉ።

ጣቢያዎቹ ገቢያችን ወደቀ ብለው ጮኹ፤ እውነታቸውን ነው፣ ትልቁ ከፋያቸው ሄዷል። የበዓል ዝግጅት የሚያዘጋጁ ሰዎችም ስፖንሰር አጡ። ይህን ጉዳት አቃልዬ አላየውም፤ ደመወዙ ከዚያ ይከፈለው የነበረ ካሜራ ሠራተኛ አለ። ነገር ግን ቢራ መጠመቁን አልተወም፣ የአርሲ ገብስም ገዢ አላጣም። በ2013 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ሱፍሌ አዲስ አበባ፣ ቦርትማልት ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ግዙፍ የብቅል ፋብሪካዎችን ከፈቱ። ያለ ማስታወቂያው ሁሉም ይፈርሳል የተባለው አልሆነም።

ባዶው ሰዓት ግን ባዶ ሆኖ አልቀረም። በመጀመሪያ ከአልኮል ነፃ የሆኑት የብቅል መጠጦች መጡ፤ ያው የአርሲ ገብስ ኮፍያ ቀይሮ። ቀጥሎ ሪል እስቴቱ፣ ባንኩ፣ የዱቄት ወተቱ፣ ዳይፐሩ። ከዚያ የስፖርት ውርርዱ ተከተለ፤ የእንግሊዝ ኳስ ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት ከፍሎ የገባ የአሰላ ወጣት ከጨዋታው በፊት፣ በዕረፍትና በመጨረሻ ኪሱን የሚጠይቀው ጥሪ ይሰማል። ቢራን በተመለከተ የተከራከርንበት ሁሉ ስለ ውርርድ በእጥፍ ይሠራል ባይ ነኝ።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው ወደ ኪስ ነው። ቀድሞ የስልክ መልእክቱ ነበር፤ ማንም ያላዘዘው አጭር ቁጥር «እንኳን ደስ አለዎ» ይላል፣ ቀን በቀን ሳንቲም ይቆረጣል፣ ለማቆም «ስቶፕ» ብሎ መላክ እንደሚያስፈልግ ያላወቁ አዛውንት ካርዳቸው የት እንደሚገባ ሲጨነቁ ይኖራሉ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ሲቀንስ የአርሲ ወጣት ወደ ዩቲዩብ ጎረፈ። ዩቲዩብም ከሐምሌ 2012 ጀምሮ በመሃል ማስታወቂያ የሚገባበትን የቪዲዮ ርዝመት ከ10 ደቂቃ ወደ 8 ዝቅ አደረገ፤ በ2013 ደግሞ ባለቤቱ ምንም ገቢ በማያገኝበት ቪዲዮ ላይም ማስታወቂያ የማስገባት መብት በዓለም ዙሪያ ለራሱ ሰጠ። የአርሲዋ የሳጉሬ ገበሬ ልጅ ስለ ስንዴ ዋግ አንድ ትምህርት ልይ ብሎ ሲከፍት መጀመሪያ ማስታወቂያ፣ ቀጥሎ አቅራቢው «ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ»፣ ቀጥሎ አቅራቢው ራሱ የሚያነበው የስፖንሰር ዝርዝር፣ በመሃል ሌላ ማስታወቂያ ያገኛል። ስለ ዋጉ ገና አልተነገረም።

በቴሌቪዥን ጊዜ የሚባክነው ጊዜ ነበር። በስልክ የሚያልቀው በብር የተገዛ ፓኬጅ ነው። ማስታወቂያውን የሚያይ ሰው የማስታወቂያውን ማጓጓዣ ራሱ ይከፍላል ማለት ነው። በሌላ አገር የሰለቸው ሰው በየወሩ ከፍሎ ከማስታወቂያ ይገላገላል፤ አሰላ ላይ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ በኪሱ የያዘ ስንት ሰው አለ? ስኪፕ የሚለው ቁልፍ እስኪመጣ አምስት ሴኮንድ መቁጠር ነው የቀረን፤ አንዳንዴም ቁልፉ አይመጣም።

ከ1915 እስከ ዛሬ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልካቹ በግልጽ ያሸነፈበት አንድ ጊዜ አለ፤ እሱም ጥር 2011 ነው። ያሸነፈው በሪሞት አይደለም፣ በሕግ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ፣ ቁጥር 1238፣ ወጥቷል፤ የሚያስፈጽመውም የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑን የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ ጣቢያ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ስንት ደቂቃ ማስታወቂያ እንዳሰማ፣ አቅራቢው የሚያነበው የስፖንሰር ዝርዝር ጭምር ተቆጥሮ፣ በየወሩ ይፋ ያድርግልን። የውርርዱን ማስታወቂያ ደግሞ ምክር ቤቱ ቢራውን ባየበት ዓይን ይየው።